ስሚንቶ ያለበስነው ግድግዳ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ጠዋት ፌስቡክ «ከሰባት ዓመት በፊት» ብሎ አንድ ፎቶ አመጣልኝ። ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የሸሚዜን እጅጌ ሰብስቤ፣ የግንበኛ ማንኪያ ይዤ፣ አዲስ በስሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ፊት ቆሜ እስቃለሁ። ከሥሩ «ታሪካችንን ታደግን!» ብዬ ጽፌበታለሁ። ብዙዎቻችሁ ላይክ አድርጋችሁታል። «ቲቸር ጀግና» ያላችሁኝም አላችሁ።

መጀመሪያ ላጠፋው ነበር። ከዚያ ተውኩት። ከእናንተ መካከል ለዚያ ሥራ ከደመወዙ፣ ከዓረብ አገር ከላከው ብር ያዋጣ አለ። ያ ገንዘብ ምን እንደሠራ በወጉ ነግሬያችሁ አላውቅም። ዛሬ ልንገራችሁ።

ያኔ የማስተምረው ከነቀምቴ ራቅ ባለች አንዲት የወለጋ ከተማ ነበር። ስሟን አልጠራም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። ግቢው ውስጥ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት አለ። እንደ ላይብረሪ እንጠቀምበት ነበር። ግድግዳው ከክንድ በላይ ይወፍራል። ላዩ ድሮ ነጭ ነበር፤ እኔ ስደርስ ግን ነጩ እዚህም እዚያም ተላጦ ከሥሩ ቀይ ጭቃና ድንጋይ ይታይ ነበር። መልኩ አያምርም። ግን አንድ ነገር ልብ ሳልል ቀርቻለሁ፦ በክረምት እንኳ መጻሕፍቱ አይሻግቱም ነበር። የወለጋ ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ነቀምቴና አካባቢዋ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው። ያ ቤት ይህን ሁሉ ለአሥርት ዓመታት ችሎ ቆሟል።

የቀድሞ ተማሪዎች ብር ሰብስበው «ቤቱ ይታደስ» ሲሉ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጸሐፊው እኔ ሆንኩ። ኬሚስትሪ አስተማሪ ስለሆንኩ «የማቴሪያሉን ነገር ለቲቸር ተዉለት» ተባለ። እኔም ሁለት ጊዜ እንኳ ሳላስብ «ስሚንቶ» አልኩ። ጠንካራ ነዋ! ከስሚንቶ የሚበልጥ ምን አለ?

ለሥራው መጀመሪያ ያናገርናቸው አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። መጥተው ግድግዳውን ዞረው አዩት። ከሥር የወደቀ ጓል አነሱ፣ በመዳፋቸው ፈረከሱት፣ ምራቃቸውን እንትፍ አሉበትና በጣታቸው አሹት። ከዚያ ትንሽ ምላሳቸው ላይ አደረጉ።

«ይሄ ቀይ አፈር ነው፣ አሸዋ አለው፣ ጭድ ገብቶበታል፣ በደንብ ተረግጧል። ላዩ ደግሞ ኖራ ነው። ስሚንቶ አይስማማውም ባርሲሳ» አሉኝ።

«አባባ፣ ስሚንቶ እኮ ከጭቃ ይበረታል» አልኳቸው።

«እሱ ነው ችግሩ። ይሄ ግድግዳ በክረምት ያልበዋል። ላስቲክ አልብሰኸው ላቡን የት ያድርገው?»

ሳቅሁ። ሰው ፊት ነው የሳቅሁት። «አባባ፣ ሳይንስ ሌላ ነው» አልኳቸው። ይህችን ቃል ዛሬ ስጽፋት ጆሮዬ ይግላል። እርሳቸው አልተከራከሩኝም። ቱንቢያቸውን ጠቅልለው፣ «እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ። እኛም ሌላ ወጣት ግንበኛ ቀጠርንና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤቱን ከውስጥም ከውጭም ስሚንቶ አለበስነው። ፎቶውም ተነሳ።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ግድግዳው ላይ ጥቁር እርጥበት ታየ፤ መጻሕፍቱም ይሸቱ ጀመር። «መስኮት ክፈቱ» አልኩ። በሦስተኛው ክረምት አንድ ጠዋት ላይብረሪውን የምትይዘው ባልደረባዬ ሮጣ ጠራችኝ። ስሚንቶው እንደ በር የሚያህል ሆኖ አንድ ላይ ወድቋል። ጀርባውን ሳየው፣ የግድግዳውን ቀይ ጭቃ በጣት ውፍረት ልጦ ይዞት ወርዷል። የቀረው ግድግዳ ሆዱ ተነፍቷል። ጭቃውን በጣቴ ብነካው እንደ ሊጥ ሰመጠ። ደግነቱ የወደቀው ሌሊት ነው፤ ልጆች አልነበሩም። ክፍሉ ተዘጋ። ከመጻሕፍቱ ከፊሉ በሻጋታ ተበላሸ።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ተቀምጬ፣ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ይህ ግድግዳ ከምንድነው የተሠራው? ልጆች «ይህ ዱቄት ምንድነው?» ሲሉኝ «ሞክሩና እወቁ» እያልኩ የማስተምር ሰው፣ አንዲት ሙከራ ሳላደርግ ቤት አሳከምኩ። ሐኪም ሳይመረምር መርፌ ቢወጋችሁ ምን ትሉት ነበር?

ስለዚህ ከወደቀው ጓል ለቅሜ (ልብ በሉ፣ ከወደቀው ነው፤ ከቆመው አልፈለፈልኩም) በየላስቲኩ አድርጌ፣ ከየት እንዳነሳሁት ጽፌበት ወደ ላብራቶሪ ወሰድኩት። ያደረግሁትን አንድ በአንድ ልንገራችሁ። አብዛኛውን እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ በዓይንና በጥፍር። የውስጡ ማያያዣ ቀይ ነው፣ በጥፍር ይፋቃል፣ ሲሰበር የጭድ ቁራጭ ይታያል። የላዩ ልስን ነጭ ነው፣ በጥፍር ሲፋቅ ዱቄት ይሆናል፣ ውስጡ እንደ በርበሬ ፍሬ የሚያህሉ ጥቁር ነጥቦች አሉበት። ከሰል ነው። ኖራ የሚቃጠለው በእንጨት ከሆነ የከሰል ፍርፋሪ አብሮት ይቀራል። የእኛ ስሚንቶ ደግሞ ግራጫ ነው፤ ጥፍሬን ሰበረው እንጂ አልተፋቀም።

ቀጥሎ አቼቶ። በእያንዳንዱ ላይ ጠብ አደረግሁ። ቀዩ ጭቃ ዝም አለ፤ አቼቶውን መጠጠው እንጂ አልፈላም። ነጩ ግን ሺሺሺ ብሎ አረፋ ሰራ። ተማሪዎቼ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፦ ካርቦኔት ሲደመር አሲድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያጣል። ውሃ ሲጠጣ ይፈላና ልስልስ ያለ ነጭ ቡኮ ይሆናል። ግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላ ደግሞ ከአየር ውስጥ ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። አረፋው ያ ጋዝ ነው፤ ያ ግንበኛ ቤቱን በለሰነ ጊዜ ከነበረው አየር የተወሰደ ጋዝ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ።

ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አረፋ አየሁ ብላችሁ «ኖራ ነው» እንዳትሉ። አሮጌ ስሚንቶም ከአየር ጋር ስለሚዋሃድ አሲድ ሲነካው አረፋ ያወጣል። አሸዋው ውስጥ የኖራ ድንጋይ ወይም የቀንድ አውጣ ቅርፊት ካለ እሱም ይፈላል። ስለዚህ ቀለሙን፣ ጥንካሬውን፣ አረፋውን አንድ ላይ ነው ማየት። ጀሶ ደግሞ ነጭ ቢሆንም ካርቦኔት ስላልሆነ አይፈላም። ገበያ ላይ «ኖራ ነው» ተብሎ ጀሶ የተሸጠላችሁ ሰዎች፣ በአቼቶ ለዩት። ጀሶ ለውጭ ግድግዳ አይሆንም፤ ዝናብ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል።

ሦስተኛው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ቀዩን ጭቃ ቀስ ብዬ ፈርክሼ፣ ከጠርሙሱ ሲሶ ያህል ሞልቼ፣ ውሃ ጨምሬ፣ በደንብ አናውጬ አስቀመጥኩት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ከታች ተቀመጠ። ከሱ በላይ ደቃቁ ደለል ሰፈረ። ሸክላው እስከ ማግስቱ ድረስ ውሃውን ቀይ አድርጎት ቆየ። ጭዱ ላይ ተንሳፈፈ። በማስመሪያ ስለካው አሸዋው ከግማሽ ትንሽ ያንሳል። ሸክላ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አሸዋ ብቻውን አይያያዝም፣ ጭዱ ደግሞ ስንጥቁን ይይዘዋል። ሽማግሌው በምላሳቸው «አሸዋ አለው፣ ጭድ አለው» ያሉት ይህንኑ ነው።

አራተኛው በሚዛን ነው፤ ይህ ቤት ውስጥ አይሞከርም። ከነጩ ልስን አድርቄ 20 ግራም መዘንኩ። በቀጭኑ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ጨመርኩት። (አሲዱን ስታቀጥኑ አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም፤ ይህን በእንቅልፋችሁም አትርሱት።) አረፋው ሲቆም አጣርቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ የቀረውን መዘንኩ፦ 14 ግራም አሸዋ። 6 ግራሙ ሟሟ ማለት ነው። የሟሟው ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ፣ ሲቦካ የነበረውን ኖራ ለማግኘት በ0.74 እናባዛዋለን፤ ምክንያቱም 74 ግራም የጠጣ ኖራ አየር ስቦ 100 ግራም ካርቦኔት ይሆናል። 6 ሲባዛ በ0.74፣ 4.4 ግራም። 4.4 ለ14፤ በክብደት አንድ ኖራ ለሦስት አሸዋ ገደማ። የቀረውን አሸዋ ከወንዛችን አሸዋ ጋር በአጉሊ መነጽር አነጻጸርኩት፤ አንድ ዓይነት ይመስላል። የወንዙም አሸዋ አቼቶ ሲነካው አይፈላም፤ ስለዚህ ስሌቴን አላበላሸውም።

በሙያው የተካኑት ሰዎች ከዚህ በላይ ይሄዳሉ። ጓሉን እንደ ወረቀት ስስ አድርገው ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ያዩታል፤ በኤክስሬይ ማዕድኑን ይለያሉ። የእኔ የድሀ ሙከራ ነው። ግን ለአንድ ጥያቄ በቂ መልስ ሰጠኝ፦ ግድግዳው ጭቃና ኖራ ነው፣ ሁለቱም ውሃ ይመጥጣሉ፣ ሁለቱም ውሃውን መልሰው ለአየር ይሰጣሉ። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በነሱ በኩል ተንኖ ይሄድ ነበር። እኛ በሁለት በኩል ስሚንቶ ደፈንንበት። ስሚንቶው ደረቅ ስለሆነ ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ ዝናብ ገባ፣ መውጫ ግን አጣ። ጭቃው ከውስጥ ራሰ፣ ለሰለሰ፣ ወረደ። «ላቡን የት ያድርገው?» ያሉኝ ይኸው ነው።

ይህ የኔ ብቻ ስህተት አይደለም። ጎንደር የፋሲል ግቢ የተገነባው በድንጋይና በኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲጠገን ስሚንቶና ፌሮ ያለው ኮንክሪት ገባበት። በኋላ፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ጥገና ወደ ኖራው ተመለሰ። ግቢው በ1979 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ ነው። እኔ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ያንኑ ስህተት ደገምኩ።

የጎንደርን ዘመን ግንብ ካነሳን «በእንቁላል ነው የተቦካው» የሚለውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውን፣ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚባለውንም በሰጎን እንቁላል ነው የተሠራው ይሉታል። ተማሪዎች ይህን ሲጠይቁኝ ድሮ «ተረት ነው» እል ነበር። አሁን አልልም፤ «እንዴት እንፈትነው?» ነው የምለው። አረፋው እዚህ ላይ አይረዳንም፤ የእንቁላል ቅርፊት ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ከኖራው አይለይም። መፈለግ ያለበት የእንቁላሉ ፕሮቲን ነው፤ እሱ ደግሞ በጣም ትንሽ ስለሚሆን የረቀቀ መሣሪያ ይጠይቃል። ቻይናዎችም የጥንት ግንቦቻቸው ኖራ ከሩዝ ሾርባ ጋር ተቦክቶ ነው የተሠራው ይሉ ነበር። የዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈትነው እውነት ሆኖ አገኙት፤ የሩዙ ስታርች ኖራው ውስጥ አለ። ከተጠቀሙባቸው ሙከራዎች አንዱ ምን መሰላችሁ? አዮዲን! እኛ ድንች ላይ ጠብ አድርገን ሰማያዊ ሲሆን የምናጨበጭብበት አዮዲን። የሽማግሌ ወሬ አንዳንዴ ያልተፈተነ እውነት ነው።

አሁን ወደ ነቀምቴ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት ጎበኘን። አስጎብኚው ስለ ሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች፣ ስለ ሞሮዳ በከሬ፣ ክርስትና ሲነሱ ገብረ እግዚአብሔር ስለተባሉት ደጃዝማች ኩምሳ ሲናገር አንዲት ልጅ ከኋላ ጠጋ ብላ «ቲቸር፣ ድንጋዮቹን ያያያዛቸው ምንድነው? ስሚንቶ ነው?» አለችኝ።

ድሮ ቢሆን «አዎ» ብዬ አልፋት ነበር። አሁን ግን «አንቺ ምን ይመስልሻል? ግቢው የቆመው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የስሚንቶ ፋብሪካ ደግሞ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ላይ ነው የተተከለው» አልኳት። አሰበች። «እንግዲያ ስሚንቶ የሚመስለው ነገር ካለ በኋላ የተለጠፈ ነው ማለት ነው፣ ወይም ከውጭ መጥቷል» አለች። ያን ቀን ደመወዜ ተከፈለኝ።

ወዲያው ሌላው ልጅ ጥፍሩን ወደ ግድግዳው ሲሰድ እጁን ያዝኩት። ቅርስ ላይ ማንም ተነስቶ አይፈለፍልም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ይከለክላል። ናሙና የሚወሰድ ከሆነም በባለሙያ፣ በፈቃድ፣ ከማይታይ ቦታ፣ እያንዳንዷ ቅንጣት ከየት እንደተነሳች ተመዝግቦ ነው። እኛ አስተማሪዎች ማድረግ የምንችለው ልጆቹ በዓይን እንዲያነቡ ማስተማር ነው፦ የትኛው ክፍል የቀደመ ነው፣ የትኛው በኋላ የተለሰነ፣ የቱ ጋ ነው የሚረጥበው።

ሽማግሌው ጋ መቼ ሄድኩ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዘገየሁ። አፈርኩ። ሙከራውን ከጨረስኩ በኋላ እንኳ አንድ ዓመት ሙሉ በሰፈራቸው ሳልፍ መንገድ እቀይር ነበር። በመጨረሻ አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል።

«አባባ፣ ያ ቤት ፈረሰ» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉ።

«እርስዎ ያሉት ትክክል ነበር። በላብራቶሪ አየሁት። አንድ ኖራ ለሦስት አሸዋ ነው።»

ትንሽ ዝም ብለው «ሦስት ነው?» አሉ። «እኛ በባሬላ ነበር የምንሰፍረው። አንድ ኖራ፣ ሁለት አሸዋ። አሸዋ ከባድ ነው፣ በሚዛን ሦስት ቢመጣብህ አይገርምም።» ከዚያ ይቅርታ እስክጠይቅ እንኳ ሳይጠብቁ፣ አፈሩ በየትኛው ወር እንደሚቆፈር፣ ጭቃው ስንት ቀን ተረግጦ እንደሚያድር፣ ኖራው ከመለሰኑ በፊት ውሃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይነግሩኝ ጀመር። ደብተር አውጥቼ ጻፍኩ። ይቅርታ የጠየቅሁት በመጨረሻ፣ ልሄድ ስነሳ ነው። «ያኔ ሰው ፊት ስቄብዎት ነበር» አልኩ። «ትዝ ይለኛል» አሉ። «አይ፣ ረስቼዋለሁ» አላሉም። ከዚያ «ቡናውን አፍልተን ሳትጠጣ የት ትሄዳለህ?» ብለው አስቀመጡኝ።

አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የቀረውን ስሚንቶ ቀስ ብሎ አንስቶ፣ ግድግዳው አንድ በጋ ሙሉ እንዲደርቅ ትቶ፣ በጭቃና በኖራ መልሶ ለመጠገን አስበናል። ሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያሳያሉ፤ ሁለት ወጣቶች ይሠራሉ። ዙሪያውን የዝናብ ውሃ መሄጃ ቦይ እንቆፍራለን፤ ከዚህ በፊት አንዳችንም ያላሰብነው እሱን ነበር። ብር አልጠይቃችሁም። የመጀመሪያውን ብራችሁን ያበላሸሁት እኔ ስለሆንኩ፣ መጀመሪያ ከራሴ ልጀምር።

የምለምናችሁ ሌላ ነው። የአያታችሁን ቤት፣ የሰፈራችሁን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የድሮ ትምህርት ቤታችሁን ልታድሱ ስትነሱ፣ ስሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት የወደቀ ጓል አንሱ። በጥፍር ፋቁት። አቼቶ ጠብ አድርጉበት። በጠርሙስ አናውጡት። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡና የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። አጠገባችሁ ሽማግሌ ግንበኛ ካለ አስቀድማችሁ እሱን አነጋግሩት።

ጊምቢ፣ ነጆ፣ ደምቢ ዶሎ፣ አይራ፣ ሻምቡ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፦ አባቶቻችሁ ቤት ሲሠሩ ጭቃው ውስጥ ምን ይጨምሩ ነበር? የጤፍ ጭድ? እበት? ሌላስ? ጠይቃችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ደብተሬ ላይ እያሰፈርኩ ነው። ሽማግሌዎቹ እያሉልን ቶሎ ጠይቁ።

ፎቶውን አላጠፋሁትም። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ቀየርኩት። አሁን የሚለው «ሳይመረምሩ ማከም» ነው።

መልካም ሰንበት።